ሙቀቱ በመጨረሻ በየት ይወጣል? ስለ ሙቀት አስተላላፊ ፋይበሮች የተደረገ ውይይት

ለዚህ የኢንተርኔት ውይይት በጻፍኩት መነሻ ጽሑፍ ያቀረብኩት ክርክር አጭር ነበር። ከስልክ ማቀዝቀዣ ፓድ ጀምሮ እስከ ስፖርት ሸሚዝና አንሶላ ድረስ ሙቀት አስተላላፊ ፋይበር አለበት ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ በዝቷል፤ ከስያሜውም ጋር አንድ ትልቅ ቁጥር አብሮ ይጻፋል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ሐሰት አይደለም። ከነዳጅ ዝፍት ከሚሠሩት የካርቦን ፋይበሮች ምርጦቹ በርዝመታቸው አቅጣጫ ወደ 1000 ዋት በሜትር በኬልቪን የሚጠጋ የማስተላለፍ አቅም አላቸው፤ መዳብ በዚሁ መለኪያ 400 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ የጋንግ ቼን የምርምር ቡድን ፌስታል የሚሠራበትን ፖሊኢትሊን እጅግ ቀጭን አድርጎ በመሳብ 104 ገደማ የሚያስተላልፍ ፋይበር ማግኘቱን አሳትሟል፤ ያው ፕላስቲክ በተራ መልኩ ከ0.5 እምብዛም አያልፍም። እኔ ያልኩት ይህ ቁጥር ብቻውን ማንንም አያቀዘቅዝም ነው። ፋይበሩ ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያደርሳል እንጂ አያጠፋም፤ ስለዚህ ገዢም ሆነ መሐንዲስ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚወጣና ማን እንደሚረከበው ነው። ቆዳ ላይ የሚታሰር የልብ ምት መከታተያ በመንደፍ ሥራ ላይ ስላለሁ ሁለቱም ወገን ይነካኛል፤ መሣሪያው ራሱ ይሞቃል፣ ያሰረውም ሰው ይሞቃል። በኤሌክትሮኒክስም ሆነ በጨርቃ ጨርቅ የሚሠሩ ሰዎች ከልምዳቸው እንዲያካፍሉን ጠየቅሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው ፊዚክስ ከሚያስተምሩ አንድ መምህር ነው። በጨዋ ቋንቋ ሐሳቤን ደገፉና ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ሳይነገር መታለፍ እንደሌለበት አሳሰቡ። በብረታ ብረት ውስጥ ሙቀትን በዋናነት የሚያጓጉዙት ነፃ ኤሌክትሮኖች ሲሆኑ፣ በፕላስቲክና በካርቦን ፋይበር ውስጥ ግን የአተሞቹ ንዝረት ነው። በተራ ፖሊኢትሊን ውስጥ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች እንደተወሳሰበ ልቃቂት ስለሚተኙ ንዝረቱ ጥቂት ሄዶ ይበተናል፤ ፋይበሩ ሲሳብ ግን ሞለኪውሎቹ ተቃንተው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ንዝረቱም በጠንካራው የካርቦን ሰንሰለት ላይ ሳይሰናከል ይጓዛል። ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር ሲፈልግ ትስስሩ ደካማ ስለሆነ ይቸገራል። በመሆኑም ያ ትልቅ ቁጥር የርዝመት ቁጥር ብቻ ነው፤ በጎን በኩል ያለው በብዙ እጥፍ ያንሳል፣ እሱን ደግሞ እሽግ ላይ ጽፎ የሚሸጥ የለም።

ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተምራ አሁን በአንድ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት በ2ኛው ምላሽ የመምህሩን ሐሳብ ይዛ ወደ ሽመና ወሰደችው። ድሩም ማጉም በጨርቁ ገጽ ላይ የተኙ ናቸው፤ ከቆዳ የሚወጣው ሙቀት ግን የጨርቁን ውፍረት አቋርጦ መውጣት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ፋይበሩ የተካነበት አቅጣጫና ሰውነት የሚፈልገው አቅጣጫ አይገናኙም። በዚያ ላይ የአብዛኛው የተሸመነ ጨርቅ ይዘት ከግማሽ በላይ አየር ነው። የአየር የማስተላለፍ አቅም 0.026 ብቻ በመሆኑ፣ ፈትሉ የቱንም ያህል ቢሻሻል በፈትሎቹ መካከል ያለው አየር እዚያው ይቆያል።

በ3ኛው ምላሽ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሰው ገባ፤ ከውይይቱ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው። ስልክ ሲከፈት ከስክሪኑ ጀርባ ወይም በቦርዱ መሸፈኛ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከወረቀት የሳሳ ሉህ ተለጥፎ ይገኛል፤ ግራፋይት ነው። ብዙ ጠጋኞች ተራ ማጣበቂያ ስለሚመስላቸው በወረንጦ ይዘው ይልጡታል። ሉሁ ሲነሣ ይሸረፋል፣ ጣትን ያጠቁራል፣ የቀረውም ተጠቅልሎ ይጣላል፤ ስልኩ ያለ እሱ ይገጠማል። ከዚያ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ቪዲዮ ሲቀርጽ ስልኩ እንደሚግልና እንደሚንቀራፈፍ ይናገራል። ጠጋኙ ምክንያቱን በሚገባ አብራርቷል። ሉሁ በገጹ አቅጣጫ ከመዳብ በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚያስተላልፍ የቺፑን ሙቀት በስልኩ ጀርባ ሁሉ ያሰራጭ ነበር፤ እሱ ሲጣል ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ቺፑም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ ሰው ሉሁ ስልኩን አቀዘቀዘው አላለም። ሙቀቱን ለሰፊ ገጽ አካፈለው፣ ሰፊው ገጽ ደግሞ ለአየሩና ስልኩን ለያዘው እጅ አስረከበው ነው ያለው። መሐንዲሶች በብዙ ገጽ የምንጽፈውን እሱ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አይቶታል።

4ኛው ምላሽ ጠጋኙን የሚጠይቅ ነበር፤ በላፕቶፕ ቺፕ ላይ በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ፋንታ የካርቦን ፋይበር ፓድ ቢደረግ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ተማሪ ነው። ጠጋኙ በ5ኛው ተመልሶ፣ ፓዱ እንደ ፔስት ስለማይደርቅ ጥቅም እንዳለው አመነ፣ ነገር ግን አንድ ደንበኛ ራሱ የገጠመው ፓድ ከቺፑ ጠርዝ አልፎ በዙሪያው ያሉትን ደቃቅ የኤሌክትሪክ ክፍሎች (ካፓሲተሮች) በመንካቱ ቦርዱ ሾርት አድርጎ እንደመጣለት ተናገረ። ካርቦን ሙቀትን ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክንም ያስተላልፋል። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን በደህና የሚያሳልፍ ነገር ለሚፈልግ ቦሮን ናይትራይድ አለ፤ ቁጥሩ ከግራፋይት ቢያንስም ቦርድ አያቃጥልም።

6ኛው ምላሽ ከሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በዚያ አካባቢ የተከማቹት የመረጃ ማዕከላት በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ናቸው፣ የእኛም ሰው በብዛት የሚኖረው እዚያው ነው፤ ጸሐፊው በአንዱ ማዕከል የጥገና ቴክኒሻን ነው። እሱ የመነሻ ጽሑፌን ለዘብ ባለ ቃል አረመ። ቁጥሩ ምንም አያደርግም ማለት ለጨርቅ ሊሠራ ይችላል፣ ለቺፕ ግን አይሠራም አለና ስሌቱን አስቀመጠ። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ ቺፕ 10 ዋት ይወጣል እንበል፤ ይህ በአንድ ካሬ ሜትር 100,000 ዋት ማለት ነው። በቺፑና ሙቀቱን ከእሱ በሚረከበው ብረት (ሂት ሲንክ) መካከል 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፓድ ቢኖርና የማስተላለፍ አቅሙ 5 ቢሆን፣ ፓዱን ለማቋረጥ ብቻ የ20 ዲግሪ ልዩነት ያስፈልጋል። የካርቦን ፋይበሮቹ በፓዱ ውፍረት አቅጣጫ ቀጥ ብለው የቆሙበትና አቅሙ 25 የሆነ ፓድ ቢተካ ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል። አሥራ ስድስት ዲግሪ ለአንድ ቺፕ ዕድሜ ነው። ቁም ነገሩ ፋይበሩን ማቆም ላይ ነው፤ የጃፓኑ ዴክሴሪያልስን የመሰሉ አምራቾች ገንዘብ የሚያገኙት ፋይበር ስለጨመሩ ሳይሆን የጨመሩትን ፋይበር በአንድ አቅጣጫ ስላሰለፉ ነው። ፓዱ በደንብ ካልተጫነ በሁለቱ ገጾች መካከል የሚቀረው ቀጭን አየር ድካሙን ሁሉ እንደሚያበላሸውም አክሏል። እርማቱ ትክክል ነው፣ ክርክሬንም አያፈርስም፤ ከሂት ሲንኩ ወዲያ ማራገቢያ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ባይኖር ኖሮ 16ቱ ዲግሪ መሄጃ ባልነበራቸው።

የፋብሪካዋ ባለሙያ በ7ኛው ምላሽ የቴክኒሻኑን ስሌት ወስዳ ሸሚዝ አለበሰችው፤ ለእኔ የውይይቱ እምብርት ይህ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ የሰውነቱ ገጽ 1.8 ካሬ ሜትር ቢሆን በካሬ ሜትር 55 ዋት ይደርሳል። ከቺፑ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረትና 0.05 የማስተላለፍ አቅም ያለውን የጥጥ ጨርቅ ለማቋረጥ ይህ ሙቀት የሚፈልገው ልዩነት ግማሽ ዲግሪ ነው። በቆዳና በጨርቁ መካከል 2 ሚሊሜትር የረጋ አየር ቢኖር እሱን ለማቋረጥ 4 ዲግሪ ይጠይቃል። ከጨርቁ ውጭ ወደ ክፍሉ አየር ለመሻገር ደግሞ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ወደ 7 ዲግሪ ይጠጋል። እንግዲህ ጨርቁ ፍጹም አስተላላፊ ቢሆን፣ ከአልማዝ ቢሸመን እንኳ፣ የሚተርፈው ያ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ልብሱን ሰፋ አድርጎ መቁረጥና ነፋስ እንዲያስገባ ማድረግ ከማንኛውም ውድ ፋይበር የበለጠ ሥራ ይሠራል። ስሌቱ ላብ የሌለበትን ሁኔታ እንደሚመለከት ራሷ አስታውቃለች።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በመከባበር ነበር። በ8ኛው ምላሽ የማቀዝቀዣ አንሶላና ሸሚዝ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ መጣና ድምፁ ተለወጠ። ጨርቁን በእጃቸው ያልነኩ ሰዎች በወረቀት ስሌት የሰው ገበያ ያበላሻሉ፣ ደንበኞቹ ቅዝቃዜውን በገዛ ቆዳቸው ያውቁታል፣ ይህን ውይይት የከፈተውም ሰው ስለ ንግድ ምንም አይገባውም የሚል ነበር ይዘቱ። አንድ ሌላ ሰው ወዲያው በስድብ ሊመልስለት ሲሞክር መምህሩ በ9ኛው ገቡና ለነጋዴው የሚገባውን ሰጡት። ሲነካ የሚሰማው ቅዝቃዜ እውነት ነው አሉ፤ የሚለካም ነው። ጃፓናውያን ለዚህ የሚጠቀሙበት መሣሪያ የሞቀ ሳህን ጨርቅ ላይ ባረፈበት ቅጽበት የሚፈሰውን ከፍተኛ ሙቀት በዋት በካሬ ሴንቲሜትር ይመዘግባል፣ 0.2 እና ከዚያ በላይ የሆነ ጨርቅ ለእጅ ቀዝቃዛ ይባላል። ጠንካራ የፖሊኢትሊን ፋይበር በዚህ ፈተና ከጥጥ ይበልጣል። ነገር ግን የሚለካው የመጀመሪያው ቅጽበት ነው፤ ጨርቁ ከቆዳው ጋር ሙቀቱን ሲያስተካክል ስሜቱ ይጠፋል። መምህሩ ቀጥለው፣ አንሶላ ላይ ሰው ስለሚገላበጥ ሁልጊዜ ያልሞቀ ቦታ ያገኛል፣ ሸሚዝ ግን ከአንድ ቦታ አይነቃነቅም ብለው ለይተዋል። ይህን ልዩነት በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አይቼ አላውቅም፤ ነጋዴውም ቢጠቀምበት ለአንሶላው ሐቀኛ ማስታወቂያ ይሆነው ነበር።

10ኛው ምላሽ ከሁሉም ይረዝማል፣ ከሁሉም ይመራል። ጸሐፊው በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግንባታ ቦታ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ሆኖ የሚሠራ ወገናችን ነው። አየሩ 45 ዲግሪ በሆነበት፣ ቆዳ ደግሞ 35 ገደማ በሆነበት ቦታ ስለ ሙቀት አስተላላፊ ልብስ መናገር ሰውን መጉዳት ነው አለ፤ ምክንያቱም ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስለሚሄድ እዚያ ልብሱ የሚያስተላልፈው ከውጭ ወደ ሰውየው ነው። የሚያድነው ላብ ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ይዞ ይሄዳል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢተን ከ650 ዋት በላይ ማለት ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ያም በር ይዘጋል። ለዚህ ነው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 በፀሐይ ላይ መሥራትን የከለከለችው፤ ቀጠርም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክልከላውን ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 9፡30 አስፍታ፣ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ፀሐይን አጣምሮ የሚያሳየው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ሲያልፍ ሥራ በማንኛውም ሰዓት እንዲቆም ደንግጋለች።

ከዚያ ወደ ራሱ ቅሬታ አለፈ። አንድ አሠሪ ሠራተኞችን ለማቀዝቀዝ በሰም የተሞላ ሰደርያ አከፋፍሎ ነበር። ሰሙ ሲቀልጥ ሙቀት ይውጣል፤ ሐሳቡ መጀመሪያ ለጠፈር ልብስ በናሳ ድጋፍ የተጠና ነው። አንድ ኪሎ ሰም ሲቀልጥ 200,000 ጁል ገደማ ይይዛል፤ ለተቀመጠ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፣ ብሎኬት ለሚሸከምና 300 ዋት ለሚያመነጭ ሰው ግን 11 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሰደርያው ላብ የሚያፍን ሸክም ይሆናል፤ ሠራተኞቹም አውልቀው አጥር ላይ ሲሰቅሉት ይቀጡ ነበር። በሸሚዝ ፋይበር ውስጥ በደቃቅ ቅንጣት የሚጨመረው ሰም ደግሞ 50 ግራም ቢሆን ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ስሌቱ ከሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ተሰማኝ።

በ11ኛው ምላሽ ድኅረ ምረቃ የሚማር ወጣት ከማስተላለፍ ሌላ በር አለ ብሎ ስለ ጨረር አመጣ። ሰውነታችን ዕረፍት ላይ ሳለ በቤት ውስጥ ከሚያወጣው ሙቀት ግማሽ ያህሉ በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር የሚወጣ ሲሆን፣ ጥጥ ያንን ጨረር ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የስታንፎርዱ የዪ ኩዊ ቡድን ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉትን ፖሊኢትሊን በሳይንስ መጽሔት ላይ አቀረበ። ከቀዳዳዎቹ ብዙዎቹ ስፋታቸው ከሚታየው ብርሃን ሞገድ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ብርሃኑን በትነው ጨርቁን ነጭና የማያሳይ ያደርጉታል፤ 9.5 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚያይለው የሰውነት ጨረር ግን ሳይደናቀፍ ያልፋል። ቆዳን በሚመስል የሙከራ መሣሪያ ላይ፣ በዚህ የተሸፈነው በጥጥ ከተሸፈነው ከ2 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ፖሊኢትሊን የጠቀመው በአስተላላፊነቱ አይደለም፤ ለጨረሩ በር በመክፈቱ ነው።

የደኅንነት ተቆጣጣሪው በ12ኛው ምላሽ በቁጣ መለሰ፤ በር ሲከፈት ወደ ውስጥም ይገባል፣ የጋለ አስፋልትና የብረት ግድግዳ ራሳቸው ኢንፍራሬድ ይረጫሉ፣ የቤተ ሙከራ ክፍል ሜዳ አይደለም አለ። ወጣቱ በ13ኛው አልተቀየመም፤ ለፀሐይ የተሠራው ሌላ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና ውስጥ የሁዋጆንግና የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡትን ጨርቅ ጠቀሰ። ያ ጨርቅ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከተቀላቀለበት የፖሊላክቲክ አሲድ ፋይበር ተሸምኖ በቀጭን ቴፍሎን የተሸፈነ ሲሆን፣ የፀሐይን ብርሃን 92 በመቶ ይመልሳል፣ የራሱን ሙቀት ደግሞ በጨረር ወደ ሰማይ ይለቃል፤ በፀሐይ ላይ ከጥጥ ጋር ሲነጻጸር ቆዳን በ4.8 ዲግሪ አቀዝቅዟል። ሁለቱ ሰዎች የተጋጩ ቢመስሉም በእኔ እይታ አንድ ነገር እየተናገሩ ነው። ሰማይ ለሚያይ ጀርባ የሚሠራው ልብስ በሁለት የጋሉ ግድግዳዎች መካከል ለሚቆም ሰው ያን ያህል አይሠራም፤ ሙቀቱን የሚረከበው ሌላ ስለሆነ።

14ኛው ምላሽ ከመሥመር ወጣ ያለ ነበር። አንዲት እናት ጋቢም ነጠላም ጥጥ ሆነው ሳለ አንዱ ስለምን እንደሚያሞቅና ሌላው ስለምን እንደማያሞቅ ጠየቁ። የፋብሪካዋ ባለሙያ በአክብሮት፣ የሚያሞቀው ጥጡ ሳይሆን በጋቢው ድርብርብ ውስጥ የሚታሰረው አየር እንደሆነ አስረዳቻቸው። ከዚያ ወሬው ወደ አጠባና ካውያ ሄደ፤ ፖሊኢትሊን ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሚቀልጥ የጥጥ ካውያ ያበላሸዋል፣ ቀለምም በቀላሉ አይቀበልም። በ15ኛውና በ16ኛው ነጋዴውና ተቆጣጣሪው ስለ ዋጋ ተጣልተው መካሪ አስፈልጓቸዋል፤ በሰው ላብ ስለመነገድ የተባለው ቃል ከባድ ነበር፣ ነጋዴው ግን ለግንባታ ሠራተኛ ሸጦ እንደማያውቅ መናገሩ ሊመዘገብለት ይገባል።

ለሥራዬ የጠቀመኝ 17ኛው ነው፤ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲስ ከሆነች ሴት። ሞሪትዝና ሄንሪከስ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት ቆዳ 44 ዲግሪ በሆነ ነገር ለስድስት ሰዓት ገደማ ቢነካ እንደሚቃጠል አሳይተዋል፤ ሰውየው ሕመም ላይሰማው ይችላል። የዛሬው ዓለም አቀፍ መለኪያም ለረጅም ጊዜ ቆዳ ለሚነካ የሕክምና መሣሪያ 43 ዲግሪን ጣሪያ አድርጓል። ስለዚህ በቆዳው በኩል ማድረግ ያለብኝ ማስተላለፍን ሳይሆን መከላከልን ነው፤ አስተላላፊው ፋይበር ቦታው በላይኛው ገጽና በማሰሪያው ላይ ነው፣ በርዝመቱ ሙቀቱን ከመሣሪያው አርቆ ነፋስ ወደሚያገኘው ሰፊ ማሰሪያ እንዲያደርስ። በ2ኛው ምላሽ እንደ ጉድለት የተነገረው የገጽ አቅጣጫ እዚህ ላይ የተፈለገው ራሱ ሆነ። ጠጋኙ በ18ኛው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ ካርቦን የአንቴናውን ሞገድ ስለሚያግድ ብሉቱዙ ይደክማል፣ በአንቴናው አካባቢ ቦሮን ናይትራይድ ያለበት ፋይበር ይሻላል። ንድፉን በዚያው ሳምንት ለውጠነዋል።

በ19ኛው የፋብሪካዋ ባለሙያ ለገዢዎች አንድ መንገድ አሳየች። አይ.ኤስ.ኦ. 11092 የሚባለው ፈተና እንደሚያልብ ቆዳ ውኃ በሚያወጣ የሞቀ ሳህን ላይ ጨርቅ አንጥፎ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ጨርቁ ደረቅ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያግድ፣ ሌላው የላብን ትነት ምን ያህል እንደሚያግድ። ማቀዝቀዣ ልብስ እሸጣለሁ የሚል ሁሉ የፋይበሩን ቁጥር ትቶ እነዚህን ሁለት ያቅርብ አለች። ነጋዴው በ20ኛው፣ ከቀድሞው ረጋ ባለ ቃል፣ አቅራቢውን ሁለቱን ቁጥሮች እንደጠየቀና መልሱ ጥሩም ይሁን መጥፎ እዚሁ እንደሚለጥፍ ጻፈ። ተቆጣጣሪው ከሥሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአንድ ሰዓት ላብ በኋላ፣ ጨርቁ እንደረጠበ፣ የተለካው ቁጥርም እንዲጨመርበት።